የዝናብ ጎማ

«ጎማዎቹ ዛሬውኑ ከግቢ ይውጡ። ነገ ዳኛው አምጡ ቢል ተወግደዋል እንላለን፤ በቃ።»

ይህን ያለው ጓድ ሣህሉ ነው፤ የመሥሪያ ቤታችን የንብረት ክፍል ኃላፊ። የሰማሁት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ቢያዝን፣ የዚያው መሥሪያ ቤት ሾፌር። ላደምጥ ብዬ አልነበረም። የመውጫ ወረቀት ላስፈርም ሄጄ፣ ቢሮውን ከኮሪደሩ በሚለየው ስስ ጣውላ ሥር አግዳሚው ላይ ተቀምጬ፣ ከካፖርቴ የሚንጠባጠበው ውሃ ሲሚንቶው ላይ ሲጠራቀም እያየሁ ነበር። የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማን ያውጣቸው ታዲያ?» አለ። «ቢያዝን ያውጣቸው። እጁ አለበት፤ የትም ሄዶ አይናገርም» አለ ሣህሉ፤ ከዚያ ወዲያው ስለ ቀበሌው የስኳር ወረፋ ማውራት ጀመሩ። ሣህሉ ስድብ እንኳ አልጨመረበትም፤ ስለ ዝናቡ እንደሚያወራ ሆኖ ነው የተናገረው። ተነሥቼ በሩን በርግጄ ገብቼ «ምን አልህ አንተ?» ማለት ነበረብኝ። ሚስቴ ብትሆን ትለው ነበር። እኔ ግን ቁጭ አልሁ፤ ጭራሽ ወረቀቴ እንዳይረጥብብኝ አጥፌ ኪሴ ውስጥ ከተትሁት።

ጎማዎቹ አስናቀ ይነዳት የነበረችው ፔጆ ጎማዎች ናቸው። አስናቀ የሚስቴ የየብርጓል ታናሽ ወንድም ነው፤ መንዳት ያስተማርሁት እኔ፣ መሥሪያ ቤቱንም ያስገባሁት እኔ። ሰኔ ሃያ አራት ቀን ከጢስ ዓባይ ሲመለስ ዝናብ ያዘው። ከትንሿ ድልድይ አፍ ላይ ፍሬን ቢይዝ መኪናዋ እንቢ ብላ ተንሸራተተችና፣ ከገበያ ጨው ገዝታ ወደ ቤቷ የምትሄድ ወለተ ሩፋኤል የምትባል የአምስት ልጆች እናት ድልድዩ ጥግ ላይ መታቻት። ሴትዮዋ እዚያው ሞተች። ትራፊኩ መጥቶ መንገዱን ለካ፣ ጎማዎቹን ጎንበስ ብሎ አየና «የጎማ ጥርስ፦ ደህና» ብሎ ጻፈ። መሥሪያ ቤቱም ያንን ወረቀት ይዞ «ንብረታችን ደህና ነበር፤ ጥፋቱ የሾፌሩ ፍጥነት ነው» አለ። አስናቀ «ኧረ ጎማው ሊሾ ነው፤ ጥርሱ ካለቀ ቆይቷል!» ቢል ማን ይስማው? ጥርሱ ይኸው ይታያል።

ጥርሱ የእኔ ሥራ ነበር። ግንቦት መጨረሻ ላይ የዓመቱ የመኪና ምርመራ ደረሰ፤ የፔጆዋ አራቱም ጎማ መዳፍ ቢያሳልፉበት የማይጎረብጥ ልሙጥ ሆኗል። ለጓድ ሣህሉ ሦስት ጊዜ አመለከትን። «ጎማ የለም፤ አገር ጦርነት ላይ ነው። ሾፌር አይደላችሁም እንዴ? ዘዴ ፈልጉ!» አለን። ዘዴውን የማያውቅ ሾፌር ደግሞ የለም፤ ካራ በከሰል አግሎ ባለቀው ጎማ ላይ አዲስ ጥርስ መቅረጽ ነው። መርማሪው ጥርስ ያያል፣ ቦሎ ይለጥፋል፣ አበቃ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ግሽ አባይ ሰፈር ካለው የቤታችን ግቢ ጎማዎቹን ፈትተን አወረድናቸው። መብራት ሄዶ ነበር። አስናቀ ጎማውን ያዞርልኛል፣ የብርጓል ፋኖስ ይዛ ታበራልኛለች፣ እኔ እቀርጻለሁ። በየመታጠፊያው ካራው ትንሽ ስለሚያመልጠኝ ከእያንዳንዱ ጥርስ ጫፍ ላይ የዓሣ ጅራት የምትመስል ጭረት ትቀር ነበር። «ኧረ ቢያዝን፣ ጎማ ነው ዓሣ ነው የምትሠራው?» ብሎ አስናቀ ሳቀብኝ። የብርጓል ደግሞ ፋኖሱን ዝቅ አድርጋ የዘለልሁትን ቦታ በጣቷ እያሳየች «እዚህች ጋ አንዲት ቀርታለች» ትለኝ ነበር። ቦሎው በተለጠፈ ቀን አስናቀ ሐይቁ ዳር ወስዶ ዓሣ ጋበዘን፤ አጥንቱን እየለቀመ ለልጆቼ ሲያጎርሳቸው ትዝ ይለኛል።

እንዲህ ያለ ጥርስ ለዓይን ነው እንጂ ለመንገድ አይሆንም። ላስቲኩ አልቋል፤ ካራው ከላስቲኩ ሥር እስካለው ሸራ ድረስ ነክቶታል፤ ውሃ ሲያገኝ ገፍቶ መሬት መያዝ አይችልም፣ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ይህን አላወቅሁም ብል ውሸት ነው። ክረምቱ ሳይገባ አዲስ ይመጣል ብለን ራሳችንን ሸነገልን፤ ክረምቱ ቀደመን። አስናቀ ወህኒ ከገባ ወር አልፎታል፣ አንድ ቀን እንኳ ስሜን አላነሣም። «ማን ቀረጸው?» እንዳይሉት «ተቀርጿል» የምትለዋን ቃል ራሷን ዋጣት። ስንቅ ይዤ ስሄድ በሽቦው ማዶ ቆሞ ስለ ልጆቼ ይጠይቀኛል፤ ስለ ጎማው አያነሣብኝም፣ ዓይኔን ግን ያያል። ነገ ሐምሌ ሃያ ስምንት የእኔ ቃል የሚሰማበት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ችሎት ሊዘጋ ሁለት ቀን ይቀረዋል፤ ከተዘጋም እስከ ጥቅምት የሚጠይቀው የለም። «ጥርሱን የቀረጽሁት እኔ ነኝ፤ ዘዴ ፈልጉ ያለን ሣህሉ ነው» ብል አስናቀ ሊወጣ ይችላል። እኔ እገባለሁ። በመንግሥት ንብረት ላይ አሻጥር ይሉታል፤ አሻጥር የተባለ ሰው ደግሞ በስንት ዓመቱ እንደሚመለስ ጎረቤቶቼን ጠይቄ አውቃለሁ።

ጓድ ሣህሉ ሲጠራኝ ፊቱ ሁሉ ሳቅ ነበር። «ቢያዝን፣ ደስ የሚል ነገር ልንገርህ? ለአንተ መኪና አዲስ ጎማ ተፈቅዷል። ክረምቱ ከፍቷል፤ የሰው ነፍስ ነው የምትይዘው። ግምጃ ቤት ሂድና ዓይንህ የወደደውን ራስህ ምረጥ» አለኝ። ለአሥራ አንድ ዓመት ስነዳ ምረጥ የተባልሁት ያን ቀን ነው። ለምን እንደተባልሁ አውቃለሁ፤ ከጣውላው ማዶ ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ። አውቄም «እሺ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልሁ። እንዲህ ነኝ እኔ።

የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ በሩን ሲከፍተው የአዲስ ጎማ ሽታ መጣብኝ፤ ሾፌር ያልሆነ ሰው ይህን ሽታ አያውቀውም። ሁለት ዓይነት ነበር፤ አራት ከአንዱ፣ አራት ከሌላው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። የመጀመሪያው ጥርሱ ሰፋፊ፣ ጥልቅ፣ ሲያዩት ግርማ ያለው ነው። «ይህንን ውሰድ፤ አምስት ዓመት አያልቅም» አለኝ። ጥፍሬን ብሰካበት ጥፍሬ ታጠፈ። ሁለተኛው ያን ያህል የሚያስፈራ ጥርስ የለውም፤ ግን ዙሪያውን አራት ጥልቅ ቦይ ዞሮታል፣ በየጥርሱ ላይ ደግሞ ፀጉር የመሰሉ ቀጫጭን ስንጥቆች አሉበት። ጥፍሬን ብጫነው ገባ፣ ስለቀው ተመለሰ። ከደጅ በቆርቆሮ የዝናብ ውሃ ቀድቼ መጣሁና ሁለቱም ላይ አፈሰስሁ። በጠንካራው ላይ መዳፌ ሳሙና እንደነካ ተንሸራተተ። በለስላሳው ላይ ውሃው በቦዮቹ ወርዶ ሄደ፣ መዳፌ ደግሞ ያዘ፣ ብገፋውም እንቢ አለኝ። ጠንካራ ላስቲክ የበጋ ነው፤ አቧራና ድንጋይ ይችላል፣ እርጥብ መንገድ ሲያይ ግን እጁን ይሰጣል። ለስላሳው ቶሎ ያልቃል፣ እያለቀ ግን ሰው ያተርፋል። «ይህን ነው የምወስደው» አልሁ። «ሁለት ዓመትም አይቆይልህ» አለኝ። «አይቆይ!» አልሁት። እግዜር ያያል፣ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለደቂቃ ያህል አስናቀንም፣ ሴትዮዋንም፣ ነገንም ረስቼ ጎማ እየደባበስሁ እንደ ልጅ ደስ ብሎኝ ነበር።

አንዱን ወደ ብርሃኑ ሳንከባልለው በሽቦ የታሠረች ካርድ ተገልብጣ አየኋት። ገቢ የሆነበት ቀን ተጽፎባታል፤ ግንቦት ዘጠኝ። መጀመሪያ ያነበብሁት ተሳስቼ መሰለኝ። እኛ ካራ አግለን ሊሾ ስንቀርጽ ግንቦት ሃያ ሦስት ነበር። «ይህ ጎማ ከግንቦት ጀምሮ እዚህ ነበር?» አልሁት። ሰውየው ቁልፉን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው እያዛወረ ግድግዳውን ማየት ጀመረ። «ለኃላፊዎች መኪና ተብሎ ተይዞ ነው... እኔ ምን አውቃለሁ ጓዴ፣ እኔ ቁልፍ ያዥ ነኝ» አለኝ። ጓድ ሣህሉ ቢሮ ደጃፍ ቆመን ጎማ ስንለምን ጎማው ከሃያ እርምጃ ማዶ ቆሞ ነበር ማለት ነው። ያኔ እንኳ ትቼው መውጣት እችል ነበር። ያዝሁት፤ አራቱንም እያንከባለልሁ አወጣኋቸው።

ወረቀቱ ሁለት ነበር። አንደኛው ሞዴል ሃያ ሁለት ነው፣ ዕቃ ከግምጃ ቤት የወጣበት፤ እሱ የታወቀ ነው። ሁለተኛው በታይፕ የተመታ ነበር፤ የተጋጨችው ፔጆ አራት ጎማዎች በአደጋው ዕለት ጥርሳቸው የተሟላ እንደነበር፣ ከግጭቱ በኋላ ጎናቸው ስለተሰነጠቀ በውዳቂነት እንዲወገዱ ሾፌር ቢያዝን አይቶ ማረጋገጡን ይላል። ስሜን ከነአባቴ ጽፈውታል። ጓድ ሣህሉ እስክሪብቶውን ራሱ ከፍቶ ሰጠኝ። «ልጆችህ ደህና ናቸው?» አለኝ። «ደህና ናቸው» አልሁ። ፈረምሁ። ፊርማው የደመወዝ ፊርማዬን ይመስላል።

አዲሶቹን ጎማዎች አስገጥሜ፣ አሮጌዎቹን ከኋላ ጭኜ ወደ ገበያ ወረድሁ። አገኘሁ የሚባል በረባሶ ሠሪ አለ፤ የመሥሪያ ቤቶችን ውዳቂ ጎማ የሚገዛው እሱ ነው። ደህናውን ለጀልባ መከታ ይሸጠዋል፣ የቀረውን ቆራርጦ ጫማ ያደርገዋል። ከቆርቆሮ ዳሱ ሥር ተቀምጦ፣ ካራውን ውሃ እየነከረ፣ የሰው እግር በወረቀት ስሎ ላስቲክ ይቆርጣል። ጎማ ከሾፌር ይልቅ እሱ ያውቃል እላለሁ እኔ፤ እኛ ከላዩ ሆነን እንነዳለን፣ እሱ ቀዶ ሆዱን ያያል። የመጀመሪያውን ጎማ ጭኑ ላይ አጋድሞ በአውራ ጣቱ ጥርሱን ዳሰሰውና ቀና ብሎ አየኝ። «ይህ የፋብሪካ ጥርስ አይደለም። የካራ ነው» አለ። የቀሩትን ከመኪናው ማውረድ ያዝሁ። «ማን እንደቀረጸው እንጃ፣ እጁ ግን ሰነፍ አይደለም። መስመሩን አየኸው? ዓሣም ሥሎበታል። ግን ሸራውን ነክቶታል፤ በዚህ ጭቃ ላይ መኪና የነዳ ሰው እንዴት ተረፈ?» አለኝ። «እንጃ» አልሁ። «ለጫማስ ይሆናል?» ብዬ ጠየቅሁት፤ ምን ሊሆነኝ እንደጠየቅሁት አላውቅም። «ምን ይሆናል፣ ያንሸራትታል እንጂ። ጥርስ ያየ ገበሬ ግን ይገዛዋል፤ ሰው ጥርስ ይወዳል» አለና ካራውን አንሥቶ ከጎማው ጎን ሰካው። ስንጥቁ እስኪዞር ድረስ ቆሜ አየሁ። ነገ ዳኛው አምጡ የሚለው ነገር የለም ማለት ነው፤ አገኘሁ ቆርጦ በየእግሩ ሊያከፋፍለው ነው።

ከሰዓት በኋላ ጓድ ሣህሉን ጢስ ዓባይ ለገበሬ ማኅበር ስብሰባ አደረስሁ። ስንመለስ ሰማዩ ተዘረገፈ። የውሃ መጥረጊያው እየተንቀጠቀጠ ያጥባል፣ መንገዱ ቀይ ወጥ ሆኗል፣ እሱ ከጎኔ አፉን ከፍቶ አንቀላፍቷል። ትንሿ ድልድይ ስትታየኝ ምን እንደገፋፋኝ አላውቅም፣ ነዳጁን ጨመርሁ። አስናቀ ሲነዳ የነበረውን ያህል፣ ከዚያም አለፍ አድርጌ ጨመርሁ። ድልድዩ አፍ ላይ፣ ጭቃና ውሃ ሲሚንቶውን ያለበሰበት ቦታ ስደርስ ፍሬኑን ረገጥሁት። መኪናዋ ቀጥ አለች! ጎማዎቹ አጉረመረሙና መሬቱን ይዘው ቆሙ፤ ግራ አላለች፣ ቀኝ አላለች። ሣህሉ ግንባሩ መስተዋቱን ሊመታ ሲል ነቃ። «ምን ሆንህ አንተ ሰውዬ?» ብሎ ጮኸብኝ። «ጎማ እየሞከርሁ ነው» አልሁ። ዝናቡን፣ ድልድዩን፣ ከጥጉ ላይ የሟቿ ዘመዶች የካቡትን የድንጋይ ክምር አየና ፊቱን አዞረ። «በል ንዳ፤ ይመሻል» አለ። ክምሩ ከመኪናዬ አፍንጫ አራት እርምጃ ይርቃል። ያን ቀን አስናቀ ይህን ጎማ ይዞ ቢሆን ወለተ ሩፋኤል ጨውዋን ይዛ ቤቷ ትገባ ነበር። ይህን በዓይኔ አየሁ፤ ከእኔ በስተቀር ያየው የለም፤ ያየሁት እኔ ደግሞ ጠዋት ፈርሜያለሁ።

ቤቴ ስደርስ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የማታ ተረኞች እየገቡ ነበር፤ ዝናቡ አባርቶ ሰፈሩ ሁሉ ጭቃ ለብሷል፣ መብራትም የለም። መኪናዋን ደጅ አቁሜ በሩን ገፋ ሳደርግ እግሬ ሥር አየሁት። ከበሩ እስከ ቤቱ ደፍ ድረስ በለስላሳው ጭቃ ላይ የሰው እግር ተረግጧል፤ ዳናው ጥርስ አለው፤ ዘወርዋራ፣ በየመታጠፊያው የዓሣ ጅራት። መጀመሪያ የራሴ ጭንቅላት ነው ያመጣብኝ ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ። ስከፍተው አለ። ጎንበስ ብዬ አንዱን በጣቴ ነካሁት። የእኔ እጅ ነው፤ ከሺህ መስመር መካከል አውቀዋለሁ።

የብርጓል ደጃፉ ላይ ቆማ ታየኛለች። ከሰኔ ሃያ አራት ወዲህ ከእኔ ጋር በልጆቹ በኩል ነው የምትነጋገረው፤ «ለአባታችሁ እራት አቅርቡ»፣ «አባታችሁን የስንቁን ነገር ጠይቁት» እያለች። አስናቀ እኛው ዘንድ ነበር የሚኖረው፤ ፍራሹ ተጠቅልሎ ሳሎናችን ጥግ ቆሟል፣ ሬድዮኑን ጨርቅ አልብሳዋለች፣ ማንም እንዳይነካው። አሁን ግን ራሷ ተናገረችኝ። «አባቴ በጀልባ መጣ፣ ለነገው ችሎት። ከጀልባው ሲወርድ ጫማውን ጭቃ በላበት። በባዶ እግሩ ዳኛ ፊት አይቆምም ብዬ ገበያ ወስጄ በረባሶ ገዛሁለት።»

«ከአገኘሁ ዘንድ?» አልኋት። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

«ከእሱ። ሃያ ጥንድ ያህል ሰቅሎ ነበር፤ ከዚህ የተሻለም ነበረው። እኔ ነኝ ይህን የመረጥሁት» አለች። በአንድ ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየችው፤ ረዥም ጊዜ አየችው፣ የምትጠብቀው ነገር እንዳለ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ከዚያ ገባች።

አማቴ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ዘጌ ላይ አርባ ዓመት ያህል ድጓ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ከተማ የሚመጡት ወይ ለታመመ ወይ ለሞተ ነው። ጋቢያቸው በአንድ ጎኑ እስከ ትከሻው ጭቃ ነው። «እንዴት ዋሉ አባባ? ምነው ወደቁ እንዴ?» አልሁ። «ሁለቴ አዳለጠኝ እንጂ ደህና ነኝ ልጄ። አዲስ ጫማ ስለሆነ ነው፤ እግሬ አልለመደውም» አሉኝ። እግራቸውን አየሁ። አንዱን አንሥተው ሌላው ላይ ጥለውታል፤ የበረባሶው ሥር እርጥብ ሆኖ ያብረቀርቃል፤ ጭቃው ጥርሱ ውስጥ ገብቶ ዓሣዎቹን አጉልቷቸዋል። እራት ቀረበ፤ በላን። ሽማግሌው ሁለት ጊዜ ጎርሰው እጃቸውን ሰበሰቡ። «ቢያዝን ልጄ፣ ነገ አንተ ነህ አሉ የምትናገረው» አሉ። «አዎ አባባ»። «እኔ የመኪና ነገር አላውቅም። አስናቀ በልጅነቱ ጥፋት ሲያጠፋ መጥቶ አጠፋሁ ይለኝ ነበር እንጂ አይሸሽግም። አሁን አላጠፋሁም ይላል። የምታውቀውን ብቻ ንገርልኝ፤ ሌላ አልለምንህም።» የብርጓል ውሃ ልታስታጥባቸው ተነሥታ ነበር፤ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆመች። እሷም፣ ልጆቹም፣ ያ የተጠቀለለ ፍራሽም ሳይቀር መልሴን የሚጠብቁ መሰለኝ። ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ታይፕ የተመታው ወረቀት፣ ስሜ ከነአባቴ፣ ሣህሉ «ልጆችህ ደህና ናቸው?» ያለበት ድምፅ መጣብኝ።

«የማውቀውን እናገራለሁ አባባ» አልሁ። ከዚያም ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሠሪያ መፍታት ጀመርሁ። «ይህ በረባሶ ለችሎት አይሆንም፤ ነገ ደግሞ ይጥልዎታል። የእኔን ቆዳ ጫማ ያድርጉ፣ ልክዎ ነው። እኔ የዝናብ ቦቲዬን አደርጋለሁ፤ እግሬን ማን ያየዋል?» አልኋቸው። «ተው ልጄ፣ አንተ ሠራተኛ ሰው ነህ» ቢሉኝም እንቢ አልሁ፤ ተንበርክኬ በረባሶውን ከእግራቸው አወለቅሁ፣ ጫማዬን አጠለቅሁላቸው። ልክ ሆናቸው። ሽማግሌው ዓይናቸው እንባ ሞላ። እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው «እግዚአብሔር እግርህን ከመሰናክል ይጠብቅልህ። ልጆችህን ያሳድግልህ። የሽማግሌ እግር ያሰብህ፣ አንተን የሚያስብልህ አይጥፋ» ብለው መረቁኝ። እኔም ራሴን ዝቅ አድርጌ «አሜን» አልሁ። ሦስት ጊዜ አሜን አልሁ። የብርጓል ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች።

በረባሶውን ብብቴ ሥር ይዤ በባዶ እግሬ ወጣሁና መኪናዋ ኋላ፣ ከመለዋወጫው ጎማ ሥር ወሸቅሁት። ነገ አገኘሁ ዘንድ የቀሩት ጥንዶች በገበሬው እግር በየመንደሩ ይበታተናሉ፤ ያን ዳና አንብቦ የሚያውቀው ሰው ግን በዓለም ላይ ሦስት ብቻ ነው። አንዱ ወህኒ ነው፣ አንዱ እኔ ነኝ። ስመለስ ግቢው ውስጥ ያ ዳና እንደተረገጠ ነው። ነገ ጠዋት ሽማግሌው በጫማዬ ሲወጡ፣ ልጆቹ ሲወጡ፣ እኔ ስወጣ በላዩ ላይ እየረገጥን ነው የምንሄደው። ሌሊት ይዘንብ ይሆናል፣ ያጥበው ይሆናል፤ ይሆናልን መጠበቅ አልቻልሁም። በተረከዜ አንዱን አሸሁት። ጭቃው ቀዝቃዛ ነበር። ሁለተኛውን አሸሁ። ጀርባዬን አጉብጬ ከበሩ ጀምሬ አንድ በአንድ እያሸሁ ስመጣ መሬቱ በራልኝ፤ ጨረቃ መሰለኝ።

የብርጓል ነች። ፋኖሱን ይዛ ደፉ ላይ ቆማለች። መቼ እንደወጣች አላየሁም። ቀና ብዬ አየኋት፤ አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም፣ ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም፤ ግንቦት ላይ ስታበራልኝ እንደያዘችው አድርጋ ነው የያዘችው። «የብርጓል» አልሁ። ፋኖሱን ከፍ አደረገችልኝ። ጎንበስ አልሁና ማሸቴን ቀጠልሁ። እሷም እየተከተለች አበራችልኝ፤ አንድ እርምጃ ስሄድ አንድ እርምጃ እየመጣች፣ ከበሩ እስከ ደፉ ድረስ አብረን ደረስን። ጨርሻለሁ ብዬ ቀና ስል ፋኖሱን ዝቅ አደረገችው፤ ከደፉ ሥር፣ ዝናብ የማይደርስበት ደረቅ አፈር ላይ በጣቷ አሳየችኝ።

«እዚህች ጋ አንዲት ቀርታለች» አለች።